የደም ሥር ጎተራ፤ የፎን ቪለብራንድ በሽታ ምክንያት የተፈለገበት ታሪክ

ሄሞፊሊያ ስለሚባለው ደም የማፍሰስ በሽታ መጀመሪያ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። መምህራችን የእንግሊዝን ንግሥት የቪክቶሪያን የትውልድ ሐረግ በሰሌዳው ላይ ስለው፤ በሽታው ከእናት ወደ ወንድ ልጅ እንደሚወርድ፤ እናቲቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደማትታመም አስረዱን። እኔም በፈተናው ላይ «ሴት ታወርሳለች እንጂ አትደማም» ብዬ በአጭሩ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። ስለ ሄሞፊሊያ ከሆነ መልሱ ብዙም ስሕተት አልነበረበትም። ነገር ግን አንድን በሽታ የሚመለከት ቃል ስለ ደም መፍሰስ ሁሉ የተነገረ ሕግ ሆኖ በሰው አእምሮ ሲቀመጥ፤ ከልክ በላይ የምትደማ ሴት «የሴት ልጅ ነገር ነው» ተብላ ትታለፋለች። ይህ መታለፍ ደግሞ ነፍስ አጥፍቷል።

በዘር ከሚወረሱት የደም መፍሰስ በሽታዎች ሁሉ በብዛት የሚገኘው ሄሞፊሊያ ሳይሆን የፎን ቪለብራንድ በሽታ ነው። በ1987 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣልያ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ የተደረገው ምርመራ ውጤት እንደሚያሳየው፤ ከመቶው ልጅ አንድ ያህሉ የበሽታው ምልክት ተገኝቶበታል፤ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ሕመም ያለበት ሰው ቁጥር ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሽታው ወንድ ሴት ሳይለይ ይወረሳል፤ ሆኖም ሴቲቱ በየወሩና በወሊድ ጊዜ ደም ስለሚፈሳት መከራው በእርሷ ላይ ይበረታል። ምክንያቱ የሚገኘው በደሙ ውስጥ ነው ወይስ ደሙን በሚይዘው ሥር? ይህ ጥያቄ ብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሯል። መልሱ ያለው ደግሞ ስለ ደም መፍሰስ ምንም ያላሰቡ ሰዎች ሌላ ነገር ሲመረምሩ ባገኟት በአንዲት ቅንጣት ውስጥ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የዚህች ቅንጣት ታሪክ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከኦላንድ ደሴቶች ነው። እነዚህ ደሴቶች በስዊድንና በፊንላንድ መካከል ባለው ባሕር ላይ ተበትነው ይገኛሉ። ነዋሪዎቹ የስዊድን ቋንቋ ተናጋሪዎች ሲሆኑ፤ በ1921 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር በሰጠው ውሳኔ ግዛቱ የፊንላንድ ሆኖ በውስጥ አስተዳደሩ ራሱን እንዲችል ተደርጓል። በባሕር የተከበበና ቁጥሩ ጥቂት የሆነ ሕዝብ እርስ በርሱ መጋባቱ የማይቀር ስለሆነ፤ በዘር የሚወርድ በሽታን ለሚከታተል ሰው እንዲህ ያለው ሥፍራ እጅግ የተመቸ ነው። በ1924 ዓ.ም. ከደሴቶቹ መካከል ከፎግሎ የመጣች አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ፤ ሄልሲንኪ በሚገኘው በዲያቆናዊት ሆስፒታል ለምርመራ ቀረበች። ልጅቱ በሦስት ዓመቷ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ሦስት ቀን ሙሉ ደም ፈሷት ከሞት አፋፍ ደርሳ ነበር። እናቷም አባቷም ደም ከሚያስቸግራቸው ቤተሰቦች የተወለዱ ናቸው፤ ከእኅቶቿም መካከል ገና በሕፃንነታቸው ደም ፈሷቸው የሞቱ ነበሩ።

የመረመሯት ሐኪም ዶክተር ኤሪክ ፎን ቪለብራንድ በ1870 ዓ.ም. በቫሳ ከተማ የተወለዱ ሰው ሲሆኑ፤ በ1899 ለዶክትሬት ያቀረቡት ጽሑፍ ብዙ ደም ከሰው በሚወጣበት ጊዜ በደሙ ላይ ስለሚታየው ለውጥ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ እንግዳ አልሆነባቸውም። ልጅቱን ብቻ መርምረው ከመተው ይልቅ የቤተሰቧን ሐረግ ተከታትለው ስለ 66 ሰዎች ማስረጃ ሰበሰቡ፤ ከእነዚህም ውስጥ 23ቱ ደም የሚያስቸግራቸው ሆነው ተገኙ። ከታመሙትም ሴቶቹ ይበዙ ነበር። ይህ ብቻውን ነገሩ ሄሞፊሊያ አለመሆኑን ያስረዳል።

ውጤቱን በ1926 ዓ.ም. በስዊድን ቋንቋ አሳተሙት። በሽታውን የጠሩት «በዘር የሚወረስ ሐሰተኛ ሄሞፊሊያ» በሚል ስም ነበር። ታላቁን ሐኪም ለመንቀፍ የሚበቃ ዕውቀት የለኝም፤ ሆኖም ስያሜው ያሳዝነኛል። የወንዶቹ በሽታ እውነተኛ፤ የሴቶቹ ሐሰተኛ ተባለ እንደ ማለት ነው። ያች «ሐሰተኛ» በሽታ የነበረባት ልጅ በ13 ዓመቷ አራተኛው የወር አበባዋ ሲመጣ ደም ፈሷት ሞተች።

ዶክተር ፎን ቪለብራንድ በዘመኑ የነበሩትን መመርመሪያዎች ሁሉ ሞክረው ነበር። ደሟ በብርጭቆ ውስጥ ሲቀመጥ እንደ ማንኛውም ሰው ደም ይረጋል። ፕላትሌት የሚባሉት፤ ቁስል ላይ ተሰብስበው ቀዳዳውን የሚደፍኑት ጥቃቅን የደም ክፍሎች ቁጥራቸው አልጎደለም። ነገር ግን ዱክ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1910 ባስተዋወቀው ዘዴ መሠረት የጆሮን ጫፍ በመርፌ ወግቶ ደሙ እስኪቆም የሚፈጀውን ጊዜ መቁጠር ሲጀመር፤ ጤነኛው ሰው በጥቂት ደቂቃ ሲያቆም እነርሱ ከልክ በላይ ይቆያሉ። ደሙ መርጋት ይችላል፤ ፕላትሌቱ አለ፤ ቁስሉ ግን አይደፈንም። ከዚህ ተነሥተው ፕላትሌቶቹ ሥራቸውን በሚገባ እንደማይሠሩ፤ የደም ሥሩም ግድግዳ በነገሩ ሳይኖርበት እንደማይቀር ገመቱ። በ1930ዎቹ ከጀርመናዊው ከዶክተር ዩርገንስ ጋር አብረው ሲሠሩ ወደ ፕላትሌቱ ይበልጥ አዘነበሉ። ሌሎች ሐኪሞች ደግሞ ጥፋቱን በቀጫጭኖቹ ደም ሥሮች ላይ ጣሉ። ክርክሩ መቋጫ ሳያገኝ ዶክተር ፎን ቪለብራንድ በ1949 ዓ.ም. ዐረፉ።

እርሳቸው ካረፉ ከአራት ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በ1953 ዓ.ም. በቦስቶን አሌክሳንደርና ጎልድስታይን፤ በዚያው ዓመትም በሌላ ሥፍራ ሌሎች ተመራማሪዎች፤ የመድማት ጊዜያቸው የረዘመውን ሕመምተኞች ፕላዝማ ሲመረምሩ በሄሞፊሊያ የሚጎድለውን ፋክተር ስምንት የተባለውን ነገር በእነዚህም ዘንድ አንሶ አገኙት። በስዊድን ደግሞ ሁለት ሴቶች ሐኪሞች፤ ዶክተር ኢንጋ ማሪ ኒልሶንና ዶክተር ማርጋሬታ ብሎምቤክ፤ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከሰው ፕላዝማ የተነጠረ ፕሮቲን ለሕመምተኞች ሰጡ። በ1957 ዓ.ም. ባሳተሙት መሠረት፤ ፋክተር ስምንት ከፍ ማለቱ ብቻ ሳይሆን የመድማቱም ጊዜ አጠረ። ኋላም ይህንኑ ዝግጅት ከሄሞፊሊያ ሕመምተኛ ደም አዘጋጅተው ሰጡ፤ ፋክተር ስምንት የሌለው መሆኑ እየታወቀ ያንኑ ሥራ ሠራ። እንግዲያው በፕላዝማው ውስጥ ከፋክተር ስምንት የተለየ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ይህ ነገር ኋላ የፎን ቪለብራንድ ፋክተር ተባለ። ሥራው ሁለት እንደሆነ ዛሬ ይታወቃል፤ ፕላትሌቶችን ከተቀደደው የደም ሥር ጋር ያጣብቃል፤ ፋክተር ስምንትንም ተሸክሞ ቶሎ እንዳይጠፋ ይጠብቃል። በዚያው ዘመን የስዊድን ሐኪሞች ወደ ኦላንድ ተሻግረው የልጅቱን ዘመዶች በመረመሩ ጊዜ በሽታው ያው ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ ጥፋቱ በፕላዝማው ነው፤ የደም ሥር ነገር የድሮ ሐኪሞች ግምት ነበር ማለት የተለመደ ሆነ። በእኔ አስተያየት ይህ መደምደሚያ ከማስረጃው አልፎ የሄደ ነው። ገበያ ውስጥ ጤፍ ጠፋ ማለት ጥፋቱ የገበያው ነው ማለት አይደለም፤ ጤፉ ከየት እንደሚመጣ፤ ማን እንደሚያከማቸው መጠየቅ ያስፈልጋል። የስዊድኖቹ ሙከራ ፕላዝማው እንደ ጎደለው አረጋገጠ፤ የጎደለው ነገር የሚመጣው ከየት እንደሆነ ግን አልነገረንም።

አሁን ወደ ኒው ዮርክ እንሻገር። በሮክፌለር ኢንስቲትዩት የሮማንያ ተወላጅ የሆኑት ፕሮፌሰር ጆርጅ ፓላዴ የሕዋስን ውስጣዊ አሠራር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይመረምሩ ነበር፤ በዚህ ሥራቸው በ1974 ዓ.ም. ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። እርሳቸው ዘንድ ለመሥራት ከመጡት መካከል ኤዋልድ ዋይበል የተባሉ የስዊስ ተወላጅ ወጣት ሐኪም ነበሩ። የዋይበል ሐሳብ በሳንባ ላይ ነበር። በ1962 ዓ.ም. የአይጥ ሳንባ ደም ሥሮችን በማይክሮስኮፑ ሲመለከቱ፤ የደም ሥሩን ውስጥ እንደ ልባስ በሚሸፍኑት ሕዋሳት ውስጥ ከዚያ በፊት ያልተጻፉ፤ ዘንግ የመሰሉ ቅንጣቶች አዩ። ውፍረታቸው ከማይክሮን አንድ ዐሥረኛ ያህል፤ ርዝመታቸው እስከ 3 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ክፍል መሆኑን አንባቢ ያስታውሷል። እያንዳንዱ ዘንግ በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ሆኖ በውስጡ ጥቃቅን ቱቦዎች ጎን ለጎን ተደርድረው እንደ ታሰረ ሸምበቆ ይታያሉ።

እንደዚህ ያለ ነገር ያየ ሰው ከናሙናው አዘገጃጀት የመጣ እንከን ነው ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ሁለቱ ሰዎች ግን በሌላ ደም ሥር፤ በሰው ላይም ፈለጉ፤ አገኙም። ቅንጣቱ የሚገኘው በእነዚህ የደም ሥር ሕዋሳት ውስጥ ብቻ ስለሆነ ኋላ ሕዋሱን ከሌላው መለያ ምልክት ሆነ። በ1964 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ ቅርጹን በትክክል ገልጠው፤ ምን እንደሚሠራ ግን ገና እንደማይታወቅ በቅንነት ተናገሩ። የዋይበልና የፓላዴ አካል የሚባለው ይኸው ነው። ዋይበል ወደ አገራቸው ተመልሰው በሳንባ ጥናት ዝናን አተረፉ፤ በስማቸው የሚጠራው ቅንጣት ግን ሥራው ሳይታወቅ 18 ዓመት ቆየ።

በእነዚህ ዓመታት መካከል አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልጋቸው ሁለት ነገሮች ተጽፈዋል። በ1961 ዓ.ም. ኢንግራም የተባለው የእንግሊዝ ሐኪም አድሬናሊን በደም ሥር የተሰጠው ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ፋክተር ስምንት ወዲያውኑ ከፍ እንደሚል አሳየ። ደም እንዲህ በፍጥነት የሚጨምረውን ነገር በዚያች ቅጽበት ሊሠራው አይችልም፤ ከተከማቸበት አንድ ቦታ መልቀቅ አለበት። በ1968 ደግሞ ዋይበልና ቡሪ የተባሉት ባልደረባቸው በአድሬናሊን ምክንያት በአይጥ ደም ሥር ውስጥ ቅንጣቶቹ እንደሚለወጡ ተመልክተው፤ ደም በማርጋት የሚረዳ ነገር ሳይዙ እንደማይቀር ገመቱ። አንዱ የደሙን መሙላት፤ ሌላው የማከማቻውን መጉደል አየ። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ሳለ የሚያገናኛቸው ሰው ሳይገኝ ቆየ። ደምን የሚያጠኑት የደም መጽሔታቸውን፤ ሕዋስን የሚያጠኑት የሕዋስ መጽሔታቸውን ያነቡ ነበርና ይመስለኛል።

የተገናኙት በእትብት ምክንያት ነው። በእኛ አገር እትብት በተወለዱበት ቦታ ይቀበራል፤ የሰው አገሩም «እትብቱ የተቀበረበት» ይባላል። በ1973 ዓ.ም. ኤሪክ ጃፌና ባልደረቦቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ከወሊድ በኋላ የሚጣለውን እትብት ሰብስበው፤ በውስጡ ካለው ደም ሥር ሕዋሳቱን አውጥተው በብርጭቆ ዕቃ ማራባት ቻሉ። ሕዋሳቱ በዋይበልና በፓላዴ ቅንጣቶች የተሞሉ ነበሩ። በዚያው ዓመት ጃፌ፤ ሆየርና ናክማን ሕዋሳቱ ያንን በፕላዝማ ውስጥ የሚፈለገውን ፕሮቲን ራሳቸው እንደሚሠሩት አስረዱ። ይህ ነገር ከተነገረ በኋላ «በፕላዝማው ወይስ በደም ሥሩ?» የሚለው የቆየ ክርክር መሠረቱን አጣ። በፕላዝማው የጎደለው ነገር የሚሠራው በደም ሥሩ ነውና። ፕላትሌቶችም ከዚሁ ፕሮቲን በውስጣቸው እንደሚይዙ ሲታወቅ ዶክተር ፎን ቪለብራንድ በ1926 ከጠረጠሯቸው ከሁለቱ አንዱም እንኳ ፈጽሞ የተሳሳተ እንዳልነበረ ታየ።

የቀረው ቅንጣቱን መክፈት ነበር። በ1982 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ግዛት በሮቸስተር ዴኒሳ ዋግነር፤ ኦልምስቴድና ማርደር ከፕሮቲኑ ጋር ብቻ የሚጣበቅ የሚያበራ ፀረ አካል በሕዋሳቱ ላይ አደረጉ። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ብርሃኑ የወጣው ከእነዚያ ዘንጎች ነበር። ጎተራው ምን እንደያዘ ታወቀ።

የፕሮቲኑ አቀማመጥ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። የፎን ቪለብራንድ ፋክተር ከደም ፕሮቲኖች ሁሉ ከትልልቆቹ አንዱ ሲሆን፤ ብዙ ተመሳሳይ ክፍሎች ጫፍ ለጫፍ ተቀጣጥለው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ በቅንጣቱ ውስጥ ባለው ኮምጣጣነት ተጠብቆ በጥቃቅኑ ቱቦ ዙሪያ፤ ሸማኔ በቀሰም ላይ እንደሚጠቀልለው ማግ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ደም ሥሩ በተጎዳ ጊዜ ቅንጣቱ ወደ ሕዋሱ ጠርዝ ሄዶ ይከፈታል። ኮምጣጣነቱ ሲጠፋ ማጉ ይተረተራል፤ የደሙም ጎርፍ ጎትቶ ያስረዝመዋል፤ ከሕዋሱ ብዙ ጊዜ የሚረዝም ክር ሆኖ ፕላትሌቶችን ይይዛል። ክሩ ከልክ በላይ ረዝሞ ያለ ቁስል ደም እንዳያረጋ የሚቆርጠው ሌላ ፕሮቲን አለ፤ ይህ መቁረጫ ሲጠፋ የሚመጣው በሽታ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ አልፈዋለሁ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚስብ ሌላ ፕሮቲን በቅንጣቱ ሽፋን ላይ ስለተገኘ፤ ጎተራው ለደም መርጋት ብቻ እንዳልተሠራ ታውቋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ለበሽታው ትርጉም ያለው በ1991 ዓ.ም. የታወቀው ነገር ነው። ዋግነርና ባልደረቦቿ የፕሮቲኑን ጂን ቅንጣቱ ወደሌለበት ሌላ ዓይነት ሕዋስ ባስገቡት ጊዜ፤ ቅንጣቱ በዚያ ሕዋስ ውስጥ ተሠርቶ ተገኘ። ጎተራ ተሠርቶ እህል ይገባበታል የሚለው የተለመደው አስተሳሰብ እዚህ አይሠራም፤ ጎተራውን የሚሠራው እህሉ ራሱ ነው። ፕሮቲኑ ፈጽሞ በሌለበት ደም ሥር ውስጥ ቅንጣቱም የለም፤ ፕሮቲኑ ተበላሽቶ በሚሠራበት ደግሞ ቅንጣቱ አጭርና ክብ፤ ወይም ቱቦዎቹ የተዘበራረቁ ሆኖ ይታያል።

ይህ ዕውቀት ለሕመምተኛው ምን ጠቀመ? ለዚህ በፕራግ በ1967 ዓ.ም. የተሠራውን ዴስሞፕረሲን የተባለ መድኀኒት መመልከት ይገባል። መድኀኒቱ የተሠራው በሽንት ያለ ልክ ውኃ ለሚጠፋባቸው ሰዎች ነው። በ1977 የሚላኖው ዶክተር ማኑቺና ባልደረቦቻቸው ቀለል ያለ ሄሞፊሊያና የፎን ቪለብራንድ በሽታ ላለባቸው ሰዎች ጥርስ ሲነቀልና ቀዶ ጥገና ሲደረግ ሰጧቸው፤ የሌላ ሰው ደም ሳያስፈልግ ደማቸው ቆመ። ቅንጣቱ ምን እንደያዘ ገና ስላልታወቀ መድኀኒቱ ይሠራል እንጂ የሚሠራበት ስፍራ አይታወቅም ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው መድኀኒቱ የደም ሥር ሕዋሳት ጎተራቸውን እንዲከፍቱ ያዛል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ያለው ፋክተር ሁለትም ሦስትም እጥፍ ይሆናል። ቶሎ ቶሎ ሲደጋገም ኃይሉ የሚቀንሰውም ስለዚህ ነው፤ የተከማቸው አልቋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከብዙ ሰው ፕላዝማ በሚዘጋጀው መድኀኒት ምክንያት ስፍር ቁጥር የሌላቸው ሕመምተኞች በኤች አይ ቪና በጉበት በሽታ ሲያዙ፤ በዴስሞፕረሲን የታከሙት ከዚህ አደጋ ተርፈዋል።

ነገር ግን ባዶ ጎተራ ቢከፈት የሚወጣ የለም፤ ጎተራው ራሱ በሌለበትማ መድኀኒቱ የሚያዘው ምንም ነገር የለም። በመጀመሪያ የተነሣችው የፎግሎ ልጅ ከእነዚህ ወገን ነበረች። የፕሮቲኑ ጂን በ12ኛው ክሮሞሶም ላይ እንዳለ በ1985 ዓ.ም. ከታወቀ በኋላ፤ ዶክተር ማርጋሬታ ብሎምቤክ፤ በ1957 ስለ ፕላዝማው ከጻፉት አንዷ፤ ከሌሎች ጋር ሆነው የኦላንድን ቤተሰቦች ጂን መረመሩ። በ1993 እንዳሳተሙት፤ በመጀመሪያው ቤተሰብ ዘር በጂኑ 18ኛ ክፍል ላይ አንዲት ፊደል፤ ሳይቶሲን የምትባለው፤ ጠፍታለች። ከዚያች ፊደል በኋላ ያለው ንባብ ሁሉ ይዛባል፤ ቁም የሚለው ምልክትም ያለ ቦታው ይመጣል፤ ፕሮቲኑ ሳይሠራ ይቀራል። ጉድለቱን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሱት ዘመዶች የተረፋቸው ጂን ስለሚሠራ ብዙዎቹ በነስርና በድድ መድማት ብቻ ኖረዋል። ልጅቱ ግን ከእናትም ከአባትም እንደ ወረሰች ይታመናል።

እንደ እርሷ ላሉት ዛሬ የሚሰጠው ፕሮቲኑ ራሱ ነው፤ ከሰው ፕላዝማ ተነጥሮ ይዘጋጃል፤ በላቦራቶሪ በሕዋሳት የሚሠራውም በ2015 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቅዷል። በመርፌ የገባው ፕሮቲን ግማሹ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከደም ይጠፋል፤ ስለዚህ የወር አበባዋ ደም የሚበረታባት ሕመምተኛ በዚያ ጊዜ መርፌው ይደገምላታል።